ለአካል ብቃትና ለዮጋ አሠልጣኝ ደንበኞቻችን፦ ትምህርቱ በስልክ ሲወጣ የመድን ፖሊሲው አዳራሽ ይቀራል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የምታስተምር አንዲት ደንበኛችን ሰሞኑን ቢሯችን መጥታ፣ «ሳቢያን ሆና በስልክ የምትከታተለኝ ተማሪዬ በገዛ ቤቷ ወድቃ ወገቧ ቢጎዳ እኔን ምን አገባኝ?» አለችን። ጥያቄው የእርሷ ብቻ ስላልሆነ ለሁላችሁም መጻፍን መረጥን።

የሚያገባት ሊኖር ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ በቁጥር 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ይጠይቃል። ትምህርቱ በአዳራሽ ተሰጠ፣ በስልክ ተላለፈ ብሎ አይለይም።

ፖሊሲያችሁ ግን ይለያል። «የሥራው ቦታ» የሚለውን መስመር ተመልከቱ፤ የአዳራሹ አድራሻ ብቻ ከተጻፈ፣ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋኑ እርጥብ ወለል ላይ ላዳለጠው ተማሪ እንጂ በቴሌግራም ወይም በዙም ለሚከታተላችሁ አይደርስም። ከተሳሳተ መመሪያ የሚመጣ ጉዳት ደግሞ ራሱን የቻለ የሙያ ኃላፊነት መድን ያስፈልገዋል።

በቀጥታ ስታስተምሩ ቢያንስ ተማሪዋን ታያላችሁ። ያም ኔትወርኩ እስከሚቆም ነው፤ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ «አሁን ቀስ ብለሽ አውርጂ» የሚለውን ስትጠብቅ ምስሉ ደርቆ ቢቀር፣ አወራረዷን የሚያርም የለም። የተቀዳው ትምህርት ይብሳል። ማን እንደሚያየው፣ ነፍሰ ጡር ትሁን ደም ግፊት ይኑረው አታውቁም፤ ከዓመት በኋላም ይታያል። ስለዚህ መድን ሰጪው ሁለቱን ለይቶ ይጠይቃል፣ አረቦኑም፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍሉት፣ ሊለያይ ይችላል።

ጂዳ ወይም ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶች ከገቡ ነገሩ ሌላ ነው። «የግዛት ወሰን» የሚለው አንቀጽ ኢትዮጵያ ላይ ካቆመ፣ እዚያ ለሚነሳ ክስ ካሳ አትጠብቁ። የውጭ ተማሪ ያላችሁ አረቦኑን ከመክፈላችሁ በፊት አነጋግሩን፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ይህን ማስተካከል አይቻልም።

ከተማሪዎች «በራሴ ኃላፊነት» የሚል ፊርማ ሰብስበናል ያላችሁንም አላችሁ። ወረቀቱን አትጣሉት፤ መድን ግን አይደለም። ከእርሱ ይልቅ ተማሪው ስለ ጤናው የሞላው ቅጽ ይጠቅማችኋል፤ የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን እንዳታጠፉት።

አሁን የምንጠይቃችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፦ በየትኛው መተግበሪያ፣ በቀጥታ ወይስ በቅጂ፣ ለስንት ተማሪ፣ ወደ የትኞቹ አገሮች እንደምታስተምሩ። የንግድ ሕጉ መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን እንዲገልጽ፣ አደጋው ሲጨምርም እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ዝም ማለት ካሳውን ሊያስቀር ይችላል። ደብዳቤው ሲደርሰን የውል ማሻሻያ እንጠይቅላችኋለን። ማሻሻያው ተፈርሞ እጃችሁ እስኪገባ ሽፋን አለን ብላችሁ አታስተምሩ።

በአካል የምትመጡ ፖሊሲውን ይዛችሁ ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ የድሬዳዋን ሙቀትና የቢሯችንን አንድ ማራገቢያ ታውቃላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የድሬዳዋ የመድን ወኪላችሁ