የሥነ ፈለክ ክበብ ዘገባ፦ ካሜራ የመረጥንበት ዓመት

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ለክበባችን አንድ ካሜራ የሚገዛ ገንዘብ ፈቀደልን። የሌሊት ሰማይን ለማንሳት የቱ እንደሚሻል ራሴ ወስኜ መጨረስ እችል ነበር። ግን ምርጫው ውስጥ ብርሃን አለ፣ ሙቀት አለ፣ የምድር መዞር አለ። እንዲህ ያለ የፊዚክስ ትምህርት ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ሥራውን ለተማሪዎቹ ሰጠኋቸው፤ የክበቡ ዓመትም በዚሁ አለፈ ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ሜጋፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ነበር። 24 ይበቃል የሚሉ ነበሩ፣ ከ40 በታችማ አይሆንም የሚሉም ነበሩ። ክርክሩ በጋለበት ሰዓት አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቆይ፣ የምናነሳው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። መነሻው ይኸው መሆን ነበረበት። ጁፒተር በጣም በቀረበን ጊዜ እንኳ ስፋቱ ከሙሉ ጨረቃ ወደ 36 ጊዜ ያንሳል። እሱን ለማንሳት ረጅም ቴሌስኮፕ ይፈለጋል። ካሜራው ደግሞ ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ያለው፣ በሰከንድ ብዙ ምስል የሚቀዳ ቢሆን ይመረጣል። አየሩ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ከሺዎቹ ምስሎች ጥርት ያሉት ብቻ ተለቅመው ይደራረባሉ። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ግን በሰማይ ላይ 6 ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚሆነውን ያህል ይረዝማል። እሱን ለማንሳት የሚያስቸግረው ብርሃኑ ደካማ መሆኑ ነው። ሰፊ ሴንሰርና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ክበባችን ትልቅ ቴሌስኮፕ የለውም። ስለዚህ የራሳችንን ጋላክሲ ሚልኪ ዌይን፣ ኔቡላ የሚባሉትን የጋዝና የአቧራ ደመናዎችና የኮከብ ክምችቶችን ለማንሳት ወሰንን።

ለሥነ ፈለክ ብቻ የተሠሩ፣ ሴንሰራቸውን የሚያቀዘቅዙ ካሜራዎችን ብዙ ተማሪዎች ወደዋቸው ነበር። እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ኮምፒውተር ወይም ሌላ መቆጣጠሪያ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋሉ። ለጀማሪ ክበብ ይከብዳል ብለን ተውናቸው።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ የጨለማ ሙከራው ነው። ከመምህራንና ከወላጆች የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ካሜራዎች ተዋስን። የሌንሱን ክዳን ገጠምን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) 1600 ላይ አደረግን፣ ሸተሩን (የሴንሰሩን መጋረጃ) ለ3 ደቂቃ ከፈትን። ካሜራው በራሱ ምስሉን እንዳያጸዳ ማስተካከያውን አጠፋን። ዲኤስኤልአሮቹ (ውስጣቸው መስታወት ያላቸው ካሜራዎች) ላይ በዓይን የሚታይበትን ቀዳዳም ሸፈንን፤ በዚያም በኩል ብርሃን ይገባል። ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ብናደምቃቸው፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ምስል በቀይና በሰማያዊ ነጠብጣብ ተሞልቶ አገኘነው። አንዳንዶቹ አሮጌ ካሜራዎች ጠርዛቸው ላይ ወይንጠጅ ጭጋግም ነበራቸው። አዳዲሶቹ በጣም ንጹህ ነበሩ። ካሜራዎቹን ለረጅም ጊዜ አስርተን ሙከራውን ስንደግመው ነጠብጣቡ በዛ። ሴንሰር ሲሞቅ ያለ ብርሃንም ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ይህ እጥፍ ይሆናል። አንድ ተማሪ ነጠብጣቦቹ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ላይ እንደሚወጡ አስተዋለ። ታዲያ ለምን አንቀንሳቸውም አለ! የሰማይ ፎቶ አንሺዎች የሚያደርጉት በትክክል ይህንን ነው። ክዳኑ እንደተገጠመ የተነሳውን ምስል ከሰማዩ ምስል ይቀንሳሉ።

ስለ ቀይ ቀለምም ብዙ ተከራከርን። ኔቡላዎችን የሚያቀላቸው የሃይድሮጂን ብርሃን 656.3 ናኖሜትር ላይ ነው። የተለመደ ካሜራ ቀለሙ ለዓይናችን ተፈጥሯዊ እንዲሆን ሴንሰሩ ፊት ማጣሪያ አለው፤ ማጣሪያው የዚህን ብርሃን አብዛኛውን ክፍል ያስቀራል። ለዚህ ሲባል በፋብሪካ ማጣሪያቸው የተለወጠላቸው ካሜራዎች ወጥተዋል። ካነን 60ዲኤን በ2012፣ ኒኮን ዲ810ኤን በ2015፣ ካነን ኢኦኤስ አርኤን በ2019 እ.ኤ.አ. አቅርበዋል። እኛ ግን ካሜራው ለትምህርት ቤቱ ዝግጅቶችም እንዲያገለግል ስለፈለግን ያልተለወጠ መረጥን። በእኔ እምነት ለጀማሪ ይህ ይሻላል። ጋላክሲዎች፣ የኮከብ ክምችቶችና የኦርዮን ኔቡላ ያለ ለውጥም ጥሩ ሆነው ይወጣሉ።

በመጨረሻ የገዛነው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር (ከሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ከ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ አነስ የሚል) ያለው፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ያገለገለ ዲኤስኤልአር ነው። ስክሪኑ ይታጠፋል፤ ካሜራው ሽቅብ ሲያይ አንገት ከመስበር ያድናል። ኮከብን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ፎከስ ማድረግ ያስችላል። ከመግዛታችን በፊት ስንት ፎቶ እንዳነሳ ጠየቅን። ሴንሰሩ ላይ አቧራ መኖሩን ለማየትም የሌንሱን ቀዳዳ አጥብበን፣ ኤፍ 16 ላይ ነጭ ግድግዳ አነሳንበት። አዲስ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) የፈለጉ ልጆች መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ግን ሒሳቡን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። አዲሱን ብንገዛ ለሌንስ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ኤፍ 5.6 ላይ ካለ ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህን ያህል ልዩነት የትኛውም አዲስ ሴንሰር አይሰጠንም። በተረፈው ገንዘብ የ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድና ፎቶ በየተራ የሚያስነሳ ሪሞት ገዛን።

በትራይፖድ ብቻ ስንሠራ፣ ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ መስመር ሆነው እንዳይወጡ 500ን ለሌንሱ የፎካል ርዝመት እናካፍላለን፤ የሚወጣው ሸተሩ ሊከፈት የሚችልበት ሰከንድ ነው። ሴንሰራችን ከሙሉ ፍሬም ስለሚያንስ 50 ሚሊሜትሩ እንደ 75 ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከ6 ሰከንድ ትንሽ በላይ ብቻ ይፈቅዳል። ስለዚህ አጫጭር ፎቶዎችን በብዛት አንስተን እናደራርባለን። 16 ፎቶ ሲደራረብ ኖይዙ (በዘፈቀደ የሚወጣው ነጠብጣብ) ከአንድ ፎቶ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ ይወርዳል። የምናነሳውም ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ባላቀናበረው ፋይል ነው። የካሜራችን ሮው ፋይል 16,384 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ የሚይዘው 256 ብቻ ነው፤ ደካማው ኔቡላ ያለው ደግሞ እዚያ ታችኛዎቹ ደረጃዎች ውስጥ ነው።

በዚህ መንገድ የኦርዮንን ሰይፍ አንስተናል። ኔቡላው ሐምራዊ ሆኖ በግልጽ ይታያል። ምስሉ ቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል፤ ሄዳችሁ እዩት።

ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ ተጀምሯል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር፣ ካሜራውን አብሮ የሚያዞር መከታተያ ያስፈልገናል። ሁለት ተማሪዎች ካሜራውን ከነሌንሱ መዝነዋል። መከታተያው ከዚያ ክብደት በላይ በደንብ የሚሸከም መሆን አለበት። መግባት የምትፈልጉ አነጋግሩኝ፤ የራሳችሁ ካሜራ ባይኖራችሁም ችግር የለም።