የኮምፒውተር ክበብ፦ ፓይተንን በጥቅል ያዘጋጀንበት ዓመት

ዘንድሮ የክበባችን አባላት አዲሱን ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) በቤተ ሙከራው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ለመጫን ተነሡ። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ነው። ምንጭ ኮዱን በእያንዳንዱ ላይ ኮምፓይል ማድረግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) ይቻል ነበር፤ ነገር ግን እንዲያ የተጫነ ሶፍትዌር ፋይሎቹን የት የት እንደበተነ የሚመዘግብለት የለም፤ ለማስወገድም ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተሠርቶ በየኮምፒውተሩ የሚጫን የዴብ ጥቅል (የዴቢያን መጫኛ ፋይል) ለማዘጋጀት ወሰንን።

በመጀመሪያ አንድ ዝግጁ ጥቅል ከፍተን አየን። በውስጡ ያለው ሦስት ነገር ነው፦ 2.0 የሚል ቁጥር የያዘ አጭር ፋይል፣ የጥቅሉን ስምና ጥገኝነት (እንዲሠራ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች) የሚገልጸው ክፍል፣ እንዲሁም የሚጫኑት ፋይሎች። ተማሪዎቹ ጥቅሉን በእጃቸው ሲፈቱት ፍርሃታቸውም አብሮ ተፈታ።

የራሳችን ጥቅል ተጫነ፤ ፓይተንም ተነሣ። ተጨማሪ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ስናዘው ግን እምቢ አለ። ሁለት ሳምንት መላ ስንፈልግ ከቆየን በኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ኮምፓይሉ የተፋውን ረጅም ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ወደ መጨረሻው ላይ ፓይተንን ከኢንተርኔት ጋር ደህንነቱ በተጠበቀ መንገድ የሚያገናኘው ክፍል፣ የኤስኤስኤል ሞጁል፣ አለመሠራቱ ተጽፏል! ለኮምፓይል የሚያስፈልጉት የኦፕንኤስኤስኤል (ሞጁሉ የሚመካበት ሶፍትዌር) ፋይሎች በኮምፒውተሩ ላይ አልነበሩም፤ ፓይተን ደግሞ እንዲህ ያለ ሞጁል ሲጎድልበት ዘሎት ያልፋል እንጂ ሥራውን አያቋርጥም። ሁላችንም ሳናነበው ያለፍነውን መስመር እርሷ በማግኘቷ የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ አልበረደም።

የተስተካከለው ጥቅል በሠራንበት ኮምፒውተር ላይ አለችግር ሠራ፤ ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ግን ወደቀ። ኦፕንኤስኤስኤልን በጥገኝነት ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባነውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጥቅል በባዶ ኮምፒውተር ሳይፈተን አልተቀበልንም።

ስለ ስሪት ቁጥርም ተከራክረናል። በሒሳብ ትምህርት 3.10 ከ3.9 ያንሳል፤ በጥቅል ዓለም ግን 3.10 አዲሱ ነው፤ ምክንያቱም ከነጥቡ በኋላ ያለው ዘጠኝና አሥር ተብሎ ይነጻጸራል። የዴቢያን አንዳንድ መሣሪያዎች ከሥርዓቱ ጋር አብሮ በሚመጣው ፓይተን ስለሚሠሩም የእኛን በተለየ ማውጫ (ፎልደር) አስቀመጥነው።

በመጨረሻው ስብሰባ ጥቅሉን አስወገድነው። ማውጫው ግን ባዶ አልነበረም፤ በኋላ የወረዱት ላይብረሪዎች በጥቅሉ መዝገብ ስለሌሉ እንዳሉ ቀርተዋል። አንዳንዶች በስክሪፕት እናጥፋቸው አሉ። ብዙዎቹ ተጠቃሚው ራሱ ያመጣውን ፋይል ሳንጠይቀው መደምሰስ አይገባንም ብለው ተቃወሙ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነበርኩ፤ ፋይሎቹ በቦታቸው ቆዩ።