እማዬ፣ ጀሪካኑን አስቀምጪው

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? ባለፈው አዳማ መጥቼ ያደርኩ ቀን፣ ገና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀሪካን ይዘሽ ወደ ጽጌረዳዎቹ ስትሄጂ በመስኮት አየሁሽ። ዝም አልኩ እንጂ አንጀቴን በላሽው።

ጽጌረዳ መውደድሽን አውቃለሁ። ግን የአዳማን በጋ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ተራራው ላይ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ነፋስ ግቢያችንም እየገባ ጠዋት ያጠጣሽውን አፈር ከሰዓት ያደርቀዋል። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። በአጥሩ በኩል ያለውን መደብ ለእሬት ልቀቂልኝ።

ፊትሽ ሲኮሳተር ታየኝ። ለእኛ ቤት እሬት ማለት ምሬት ነው፤ ታናሼን ጡት ያስጣልሽውም በእሱ ነው። «የመቃብር ተክል ግቢዬ አይገባም» ማለትሽም አይቀርም። እውነት ነው፣ መቃብር ላይ የሚተክሉት አሉ። ግን እኔ እንደሚመስለኝ እዚያ የሚመርጡት ማንም ሳያጠጣው ለምልሞ ስለሚቆይ ነው።

እማዬ፣ እሬት የአገራችን ተክል ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ከ40 በላይ ዓይነት አለ። ወፍራም ቅጠሉ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። ቀን ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ አየር የሚያስገባው ሌሊት ስለሆነ ፀሐይ በቀላሉ አታሟጥጠውም። በጋው ሲበረታ ቅጠሉ ሊቀላ ይችላል፣ የታመመ መስሎሽ እንዳትደነግጪ። አበባው ረጅም ዘንግ ላይ ተደርድሮ ሲወጣ ደግሞ ንቡም፣ ያቺ ምንቃሯ የጎበጠው ትንሽ ወፍም ደጅሽ ድረስ ይመጡልሻል።

ከዱር አንነቅልም። ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ከሥሩ የወጡትን ልጆቹን እንድወስድ ፈቅደውልኛል። ከተቆረጡ በኋላ ቁስላቸው እስኪደርቅ አራት ቀን ያህል ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከተተከሉም በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ የለም። እኔ በረንዳዬ ላይ የተከልኩትን በየቀኑ እያጠጣሁ ሥሩ በስብሶብኛል፣ አንቺም አዝነሽለት እንዳታጠጪው። ሥር እስኪይዝ በሁለት ሳምንት አንዴ ትንሽ ይበቃዋል።

ደጃፉ ላይ ያሉትን ሁለቱን ጽጌረዳ ማንም አይነካብሽም። ጎመንና ድንች ያጠብሽበትን ውሃ ለእነሱ አድርጊው።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ጀሪካኑን እንዳታነሺ፣ የቀረውን እኔ አጠጣዋለሁ።

ልጅሽ