ሺፕስቴሽንን ከኩዊክቡክስ ለምታገናኙ አባላት

ሰላም ለሁላችሁ፤

አሜሪካ ሆናችሁ በርበሬ፣ ቡናና የሀበሻ ልብስ በሾፒፋይ (የኦንላይን ሱቅ መክፈቻ) የምትሸጡ፣ የዕቃ መላኪያ ፕሮግራሙን ሺፕስቴሽንን ከሂሳብ መያዣው ከኩዊክቡክስ ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ። ሽያጩን ወደ ኩዊክቡክስ የሚልከው የሾፒፋይ ሱቃችሁ ነው ወይስ ሺፕስቴሽን? ሁለቱም ከላኩ ያው ትዕዛዝ ሁለቴ ይመዘገባል። ገቢያችሁ በወረቀት ላይ እጥፍ ይሆናል፤ ኪሳችሁ ግን ያው ነው።

ዋናው ራስ ምታት ባንክ የሚገባው ብር ነው። ለምሳሌ ደንበኛ 60 ዶላር ከፍሎ ለካርድ 2.04 ዶላር ቢቆረጥ፣ የሚገባው 57.96 ነው። እሱን ሽያጭ ብላችሁ እንዳትመዘግቡ። ሽያጩ 60 ነው፤ 2.04ቱ ወጪ። የሰበሰባችሁት የሽያጭ ታክስ ደግሞ ገቢ ሳይሆን ለስቴቱ የምትከፍሉት ዕዳ ነው። ለፖስታ ሌብል (ዕቃው ላይ ለሚለጠፈው የመላኪያ ወረቀት) የከፈላችሁትም ለብቻው ወጪ ሆኖ ይግባ።

የዕቃው ኮድ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። አንዱ ጋ «በርበሬ-1»፣ ሌላው ጋ «በርበሬ 1 ፓውንድ» ከሆነ ሲስተሙ ሁለት ዕቃ ያደርገዋል።

ሀብስፖት (የደንበኞች መዝገብ መያዣ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ፣ ደንበኛን የሚለየው በኢሜይል ነው። በስልክ የሚያዝዙ እናቶቻችን ኢሜይል ሳይሞላላቸው ከገቡ ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። (በዓል ሲደርስ ደግሞ ሁሉም በስልክ ነው!)

የድሮ ትዕዛዝ አትጫኑ። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሩ፣ በጥቂት ትዕዛዝ ሞክሩት። የተቸገረ ይደውልልኝ።