የቅርስ ክበብ፦ ከለገሃር ጣቢያ እስከ ግቢያችን መጋዘን

«የኮምቦልቻን የተማሪዎች የቅርስ ክበብ ከባቡር ጣቢያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉን አሉ። ከአዋሽ ተነስቶ በከተማችን በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ጣቢያዎችም ነገ ቅርስ ይሆናሉ፤ ጥገናውን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ካልሠለጠነ ከየት ይመጣል?

ምዝገባውና የረቡዕ ስብሰባው እንደ ወትሮው አልፈዋል። በጥር ወር 24 አባላት አዲስ አበባ ወርደው ለገሃርን ጎበኙ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ደርሷል፤ የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው ግን ኅዳር 1922 ነው። ተማሪዎቹ ፎቶ ብቻ ተነስተው አልተመለሱም። የጣራው ውሃ የት እንደሚወርድ ተከታተሉ፤ አሮጌ ሕንፃን ቀድሞ የሚጎዳው የተደፈነ አሸንዳ ነውና።

ትምህርቱን የሞከርነው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው የድንጋይ መጋዘን ላይ ነው። በኖራ የተሠራው ግድግዳ የድንጋዮቹ መገጣጠሚያ መስመር በኋላ በሲሚንቶ ተደፍኖ ነበር። ሲሚንቶ እርጥበት አያስወጣም፤ ውሃው በድንጋዩ በኩል ሲወጣ ፊቱን ይልጠዋል፣ ነጭ ጨውም ይተዋል። ሲሚንቶውን በመሮ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አወጣን፤ አቧራውን ጠርገን ግድግዳውን አራስን፤ 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ለውሰን ሞላን። ኖራውን በውሃ ያበረደው ግንበኛ ነው፤ ኖራ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ኖራ አይጨመርም፣ ፈልቶ ዓይን ያጠፋልና።

የመጀመሪያው ሥራ በሁለተኛው ቀን ተሰነጠቀ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ እያለ ነው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ቀድሞ አደረቀው። በሁለተኛው ሙከራ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ጆንያ አልብሳ ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ፣ ሰባት ቀን ውሃ አርከፈከፈች። በስምንተኛው ቀን ጆንያው ተነሳ፤ በጥፍሯ ፋቀችው፣ አልተላጠም። ምንም ሳትናገር ባልዲዋን ይዛ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች። እንዲህ ላሉ ልጆች ጓንት እንኳ ማሟላት አለመቻላችን ያሳፍራል፤ ለመሣሪያ ያቀረብነው ጥያቄ ዓመቱን በቀጠሮ አልቋል።

የሰሜኑ ግድግዳ ቀርቷል። አንድ መሰላል፣ ወንፊት፣ ጓንትና መነጽር ያስፈልገናል። ኖራው ክረምቱን በርሜል ውስጥ ተነክሮ ለመስከረም እንዲደርስ ግዢው ከሰኔ 30 በፊት ማለቅ አለበት።