የብዝኀ ሕይወት ክበብ፦ «የአረም ክበብ» ለምትሉን

በመምህራን ማረፊያ ክፍል «የአረም ክበብ» እንደምንባል አውቃለሁ። ውሸት አይደለም። ዘንድሮ የሰበሰብነው ገበሬ ነቅሎ የሚጥለውን ነው፤ የአጃ ዘመድ የሆነውን ሲናርንና የዱር ማሽላን።

ስብሰባውን ልለፈው። ዓርብ ዓርብ ተገናኘን፣ ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

የመስክ ጉዟችንን ግን ሳልናገር አላልፍም። ማሳ ዳር ቆመን ልጆቹ የደረሰ የማሽላ ዛላ ነካ ነካ አደረጉ፤ ፍሬው ንቅንቅ አላለም። የዱሩን ሲነኩት እጃቸው ላይ ረገፈ። ሰው ለዘር እየመረጠ ያቆየው የማይረግፈውን ነው። በሽታና ድርቅ የመቋቋም ባሕርይ ግን ብዙው ከዱሩ ጋር ቀረ።

ይህን ሳስረዳ፣ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ ይሄ ነገር ይንቀሳቀሳል!» ብላ ጮኸች። የሲናር ፍሬ መዳፏ ላይ አድርጋ ከኮዳዋ ውሃ ጠብ አድርጋበታለች። ጠመዝማዛው ጭራ እየተፈታ ፍሬውን ያዞረዋል። ሲናር ራሱን አፈር ውስጥ የሚቀብረው እንዲህ እርጥብና ደረቅ ሲፈራረቅበት ነው። ሁሉም ከበቧት። እኔም አንጀቴን በላችኝ። አሁን የክበቡ ጸሐፊ እሷ ናት፤ ዝም በይ ማለት ጀምረናል።

«ምን ይጠቅማል?» ለሚለን አንድ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእስያን ሩዝ የሚያቀጭጭ ቫይረስ አስቸገረ። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም ከ6 ሺህ በላይ ናሙናዎች ፈተሸ። የሚቋቋም ሆኖ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ከሕንድ የተሰበሰበ ኦሪዛ ኒቫራ የሚባል የዱር ሩዝ። ያንን የሰበሰበው ሰውም አረም ለቃሚ ሳይባል አልቀረም።

ችግር አልጠፋም። ግቢ ውስጥ ያለማናት መደብ በጽዳት ዘመቻ ከነምልክቷ ታጨደች። ማን አጨዳት አልልም። አጥር ቢኖራት ግን አትታጨድም ነበር፤ የአጥሩ ጥያቄ ደግሞ «ይታያል» እንደተባለ ነው። የዘር ባንኮች ዘሩን በደንብ አድርቀው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያቆያሉ። የእኛው በወረቀት ከረጢት ቤተ ሙከራ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከፊሉን ነቀዝ በላው። የእግር ኳስ ክበቡ አዲስ ማልያ ለብሷል፤ ደስ ብሎናል።

አሮጌም ቢሆን የሚሠራ ፍሪጅ ያለው ወላጅ ካለ እንቀበላለን። ክዳኑ የሚገጥም የብርጭቆ ዕቃ ያላችሁ ደግሞ ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ አድርሱልን፤ ዓርብ ከሰዓት እዚያው ነን።