ስለ ፓሽን ፍሩታችን፣ ክረምቱ ሳይገባ

ሰላም ጎረቤቶች፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ፓሽን ፍሩት አጥራችሁ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ሥሩ ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ከወዲሁ ቦይ አውጡለት። የእኔ አምና ሐምሌ ላይ የደረቀው በዚሁ ነው። የአራት ኪሎን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አበባው እየረገፈ ላስቸገራችሁ፦ ብናኙ ዝናብ ሲነካው ይበላሻል። ፀሐይ የወጣ ዕለት በለስላሳ ብሩሽ ከአምስቱ ዘንጎች ጫፍ ቢጫውን ብናኝ አንሡና መሃል ያሉትን ሦስት ጫፎች ቀቡ። ሐምራዊው ዓይነት ማለዳ ተከፍቶ ቀትር አካባቢ ስለሚዘጋ አትዘግዩ።

ፍሬውን አትቅጠፉት፤ ሲበስል ራሱ ይወድቃል። ቆዳው ቢጨማደድም እንዳትጥሉት፣ የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

ሦስት ችግኞች አሉኝ። የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉ።